ፈትቼ የጣልኩት ብረት

እናቴ ጓሮ፣ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ፣ አንድ ጎባጣ ብረት ተጋድሞ ኖሯል። ጥቁር ነበር፤ አሁን ግማሹ ዝጓል። የማያውቅ ሰው የተሰበረ ወንበር እግር ይለዋል። የሞተሬ የኋላ መከላከያ ነው። ሞተሩን በገዛሁ በሳምንቱ፣ በ13 ቁልፍ ቡሎኖቹን ፈትቼ እዚያ የወረወርኩት እኔው ነኝ።

ለምን ፈታኸው ለሚለኝ ያኔ ደህና መልስ አልነበረኝም። ሁሉም ይፈታው ነበር። በ2010 ዓ.ም. መራዊ ከተማ ውስጥ ያንን ብረት እንዳንጠለጠለ የሚሄድ ቦክሰር ሞተር ማየት፣ የሶፋ ላስቲኩን ሳያነሳ የሚቀመጥ ሰው እንደማየት ነበር። ያስቃል። አንዱ «ጎኑን ያሳብጠዋል» አለኝ፤ ሌላው «የሴት ሞተር አስመሰለው» አለ። ይቺ ሁለተኛዋ ሳትሠራብኝ አልቀረችም። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት! የሴት ሞተር። በእርግጥም ብረቱ ለሴት ታስቦ የተሠራ ነበር፤ እኛ ግን ይህን እንደ ነውር ቆጠርነው።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ለመሥሪያ ቤት የምንነዳት ያማሃ ሌላ ናት። ያቺ ለእርሻ ተብላ የተሠራች ስለሆነች ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት፤ ግራም ቀኝም ማቆሚያ አላት፤ የፍሬኗና የፍሪሲዮኗ መያዣ ሳይቀር የብረት መከታ አለው። የክትባት በረዶ ሳጥን ከኋላ አስሬ ስንት ጊዜ ጭቃ ላይ ጥላኛለች፤ ተነስተን ጉዟችንን እንቀጥላለን። ከእሷ ላይ አንድ ብሎን ልፍታ ብዬ አስቤ አላውቅም። የመንግሥት ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ እሷ ላይ ያለው ብረት ሁሉ ጎበዝ ያስመስላታል። የራሴ ቦክሰር ላይ ያለው ብረት ግን ሰው የሚያስቀምጥ፣ የቤተሰብ ሞተር ያስመስለዋል። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሌላ ምን ልበል።

አደጋው የደረሰው በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ ነው። ከመራዊ ወጣ ብሎ፣ ከቆጋ መስኖ ቦይ ማዶ የሚኖሩ ዘመዳችን አርፈው እናቴን ለቅሶ ላደርሳት ተነሳን። እናቴ እግሯን ከፍታ ሞተር ላይ አትቀመጥም። በጎን ነው የምትቀመጠው፤ ሁለቱንም እግሮቿን በግራ በኩል አድርጋ፣ አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ፣ አንዱን ጉልበቷ ላይ። ለለቅሶ ስለሆነ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገቷ ዙሪያ። ጫፉ ጭኗ ላይ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ወገቧ ላይ ታደገድገው ነበር። ለሥራ ስትነሳም ሆነ ገበያ ስትወርድ እንደዚያው ናት። ለቅሶ ግን የራሱ ወግ አለው፤ ለቅሶ የሚሄድ ሰው ሞተር ላይ እንደሚወጣ ወጉን የደነገጉት አበው አላሰቡም።

ቀስ ብዬ ነበር የምሄደው። መንገዱ ረጥቧል፤ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ብሄድ ነው። አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ነጋዴ አቡጀዲ ለክቶ በእጁ ሲተረትረው እንደሚሰማው። ከዚያ ትከሻዬ ላይ የነበረው እጅ የለም። ፍሬን ያዝኩ። ዞር ስል እናቴ ከሞተሩ ጎን መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ ከአንገቷ እስከ ኋላ ጎማ ተወጥሯል። የጎማው ሽቦዎች መሐል ገብቶ፣ ተጠምጥሞ፣ መሐሉ ላይ ተቀዷል።

ኋላ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። እንቅልፍ በራቀኝ ሌሊት ነው የሠራሁት። የእኔ ሞተር ጎማ ባለ 17 ኢንች ነው፤ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.8 ሜትር ያህል መሬት ይሸፍናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ ጎማው በሰከንድ ሦስት ጊዜ ይዞራል። አንድ ሰው ድምፅ ሰምቶ፣ «ምንድን ነው?» ብሎ፣ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይሄዳል። ሦስት ዙር። አንገት ላይ ያለ ነጠላን ጎማ ውስጥ ለመጨረስ ሦስት ዙር አያስፈልግም። እናቴን ያተረፋት የእኔ ቅልጥፍና አልነበረም፤ የነጠላው ስስነት ነው። ጋቢ ለብሳ ቢሆን ኖሮ፣ አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ፣ አይቀደድም ነበር። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

አንገቷ ላይ ቀይ መስመር ወጣባት፣ ዳሌዋ በለዘ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብላት «መጀመሪያ ሬሳው ይውጣ» አለች። ለቅሶው ቤት ደረስን። የተቀደደውን ነጠላ ያዩ ሴቶች ከሐዘን ብዛት የቀደደችው መስሏቸው አቅፈዋት አለቀሱ። እናቴም አብራ አለቀሰች፤ ማንንም አላረመችም። ስንመለስ በእግሯ ነው የመጣችው፤ እኔ ሞተሩን እየገፋሁ ከጎኗ። አንድም አልወቀሰችኝም። ቤት ስንደርስ ብቻ፣ ወደ ዶሮ ቤቱ እያየች «ያ ብረት ለምን ነበር የተሠራው?» አለችኝ። ጠይቃኝ አይደለም። አውቃለች።

ለምን እንደተሠራ እኔ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሕንዶች «ሳሪ ጋርድ» ይሉታል። ሳሪ የሴቶቻቸው ልብስ ነው፤ ሳይሰፋ ሰውነት ላይ የሚጠመጠም፣ ጫፉ ትከሻ ላይ የሚጣል ረጅም ጨርቅ። የሕንድ ሴትም እንደ እናቴ በጎን ነው ሞተር ላይ የምትቀመጠው። ስለዚህ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው የሞተር ተሽከርካሪዎች ደንብ፣ ቁጥር 123 ላይ፣ ከኋላ ሰው የሚያስቀምጥ ሞተር ሁሉ ሦስት ነገር እንዲኖረው ደነገገች፦ የእጅ መያዣ፣ የእግር መርገጫ፣ እና የኋላ ተቀማጩ ልብስ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ቢያንስ የኋላውን ጎማ ግማሽ የሚሸፍን መከላከያ። ቦክሰርን የሚሠራው ባጃጅ ነው፤ ባለ ሦስት እግሯን ተሽከርካሪ በስሙ የምንጠራው ያው ኩባንያ። ሞተሩ ከሕንድ ሲመጣ ብረቱም አብሮት መጣ። እኛም ነጠላ ከሳሪ ጋር ወንድማማች መሆኑን ሳናስተውል፣ ሞተሩን ተቀብለን ብረቱን ጣልነው።

ታዲያ መልሼ ልግጠመው ብዬ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ አነሳሁት። ይዤው ሞተሩ ጎን ስንበረከክ ነው ሌላ ነገር የታየኝ። ብረቱ ለግራ ጎን ብቻ ነው የተሠራው። ለቀኙ ምንም የለም። ለምን? ሕንድ መኪና በግራ ነው የሚነዳው። የመንገዱ ዳር በግራ ስለሆነ ሴቲቱ እግሯን ወደ ዳር፣ ጀርባዋን ወደ መኪናው አድርጋ ትቀመጣለች፤ ስትወርድም ዳር ላይ ትወርዳለች። እኛ ግን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ተዛውረናል። ስለዚህ እናቴ በግራ ስትቀመጥ እግሯ ያለው በሚያልፈን አይሱዙ በኩል ነው። ስትወርድም መሐል አስፋልት ላይ ነው የምትወርደው። ስንት ጊዜ ከዚያ በኩል እጇን ይዤ አውርጃታለሁ፤ አንዴም አልቆጠቆጠኝም።

በቀኝ ልትቀመጥ ደግሞ በቀኝ ያለው ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው ነው። ሲግል ባት ያቃጥላል፤ የሞተር ሰው ሁሉ ባቱ ላይ አንድ ጠባሳ አለው። ፋብሪካው በቀኝ ሰው ይቀመጣል ብሎ አላሰበም፤ የእግር ማሳረፊያ እንኳን በጎን ለሚቀመጥ ሰው የሠራው በግራ ብቻ ነው። አሮጌውን ብረት መልሶ መግጠም ግማሽ መልስ ነበር። እኔ ደግሞ ግማሽ መልስ ይዤ እናቴ ፊት መቆም አልቻልኩም።

ባሕር ዳር ወረድኩ። የሞተር መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ዞርኩ። የኋላ መከላከያ አላችሁ ስል ያመጡልኝ ሁሉ ያብረቀርቃል። መስተዋት ነው፤ ፊቴን አየሁበት። ከወንበሩ ሥር ወጥቶ፣ ወደ ጎን ተለጥጦ፣ ፍሬቻውንና የማርሚታውን ጫፍ ከቦ የሚመለስ ቀለበት ነው። ሞተሩ ቆሞ ቢወድቅ ፍሬቻው አይሰበርም፣ ማርሚታው አይፋቅም። ጥሩ ነገር ነው፤ ፍሬቻ በየወሩ የሚገዛ ሰው ያውቀዋል። ሞተር ላይ የተቀመጠው ሰው እግርም በብረቱና በመሬቱ መሐል ክፍተት ያገኛል፤ ሞተሩ በሙሉ ክብደቱ አይተኛበትም። ይህን አልክድም።

ግን ቀለበቱ መሐሉ ባዶ ነው። ነጠላ እንደ መስኮት አልፎት ይገባል። ለሻጩ ይህን ስለው ትንሽ አሰበና «ወንድሜ፣ ይሄ ለሞተሩ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ዞር ዞር ብዬ ያየሁት ሁሉ ለሞተሩ ነበር። ስድስት ሱቅ ገብቼ ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው ተብሎ የተሠራ አንድም ብረት አላገኘሁም። ያ ዓይነቱ ከሞተሩ ጋር ከሕንድ በነፃ የመጣውና እኛ የጣልነው ብቻ ነው። ገዥው ከፊት የሚቀመጠው ነውና ነጋዴ ምን ያድርግ።

ልክ መሆን አለመሆኑን ስጠይቅ ደግሞ «ለሁሉም ይሆናል፤ ካልገጠመ ቀዳዳውን ታሰፋዋለህ» የሚል ነበር መልሱ። እዚህ ላይ ተጠራጣሪ ሁኑ። የኋላ መከላከያ ጉልበቱ ከብረቱ ይልቅ ከተያዘበት ቦታ ነው የሚመጣው። ያየኋቸው ቄንጠኞች ዋናው ቱቦ ወፍራም ሆኖ ሳለ ቡሎን የሚገባበት ጆሮ ስስ ላሜራ ነበር። በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ተለመጠ። በዚያ ላይ ቀዳዳው ሲሰፋ ቡሎኑ ይላላል፤ የላላ መከላከያ ጠጠር መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ አንድ ቀን ራሱ ጎማ ውስጥ ይገባል። ያኔ መከላከያ ባይኖር ይሻል ነበር።

የባልደረባዬን ሞተር አውቃለሁ። እሱ ከሱቅ አልገዛም፤ ባለ 12 ሚሊ ፌሮ አስቆርጦ ቴላዮው ላይ፣ ማለትም የሞተሩ አጽም ላይ፣ በቀጥታ አስበየደው። ጀሪካን ለማሰርም ይመቸዋል፣ ያስፈራልም። አንድ ቀን ባጃጅ ከኋላ ገጨው። ፌሮው ንቅንቅ አላለም። ተደሰተ። በሳምንቱ የወንበሩ አቀማመጥ ዘመመበት፤ ሲታይ ቴላዮው ብየዳው አጠገብ ተሰንጥቋል። ብረቱ ሳይታጠፍ የግጭቱን ኃይል እንዳለ ወደ ቴላዮው አሳለፈው። ብየዳው ደግሞ በዙሪያው ያለውን የቴላዮ ብረት አስቀድሞ አድክሞታል። ከዚህ የተረዳሁት ነገር ቢኖር መከላከያ በቡሎን እንጂ በብየዳ ቴላዮ ላይ መያዝ እንደሌለበት፣ ከባድ ነገር ሲመጣም ቀድሞ መታጠፍ ያለበት እሱ መሆኑን ነው። የታጠፈ መከላከያ ይለወጣል፤ ቴላዮ ከታጠፈ ሞተሩ አበቃለት።

ባዶ እጄን ተመልሼ መራዊ ወደሚገኙ አንድ አዛውንት በያጅ ሄድኩ። አልጋና በር ነው የሚሠሩት፤ ወጣት ሳሉ የብስክሌት ቴላዮ ይጠግኑ እንደነበር ሰምቻለሁ። ያንን አሮጌ ብረት ይዤላቸው ገባሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲያበቁ «ልጄ፣ ማነው የፈታው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«በምን ቁልፍ?»

«በ13።»

«እንዲያ ከሆነ በ13 እንገጥመዋለን» አሉና ብረቱን ከእጄ ወሰዱ። ሌላ ምንም አላሉም። ሰው ሳይመክር ሲቀር እንዴት ደስ እንደሚል!

እኔ ፌሮ ይሻላል ወይስ ቱቦ ብዬ ነበር የሄድኩት። ድፍን ብረት የበለጠ ይጠነክራል ብዬ አስብ ነበር፤ ማን የማያስብ አለ? እሳቸው ሊከራከሩኝ አልፈለጉም። አንድ አንድ ሜትር የሚሆን ባለ 12 ፌሮና ክብ ቱቦላሬ ቆረጡ፤ ቱቦላሬው ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ብረት 1.5 ሚሊ። ሁለቱን በሁለት እጄ እንድይዝ ሰጡኝ። ክብደታቸው አንድ ነው። ኋላ እንዳሰላሁት ፌሮው በሜትር 0.89 ኪሎ፣ ቱቦው 0.87 ኪሎ ነው። ከዚያ ሞርሳ ላይ አጥብቀው፣ ጫፉ ላይ የብረት ቁርጥራጭ የሞላ ባልዲ ሰቀሉ። ፌሮው እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጎበጠ። ቱቦው ባልዲው የተሰቀለበት አልመሰለም።

ነገሩ ድግምት አይደለም። ብረት መጉበጥን የሚቋቋመው ከመሐሉ ርቆ ባለው ክፍሉ ነው፤ የፌሮው ብረት መሐሉ ላይ ተከማችቶ ይባክናል፣ የቱቦው ግን ዳር ዳሩን ይዟል። እነዚህ ሁለቱ በሒሳብ ሲወዳደሩ ቱቦው ለመጉበጥ ሰባት እጥፍ ተኩል ይጠነክራል። በዚያው ክብደት። የሸምበቆና የቀርከሃ ነገር ነው፤ ገበሬው ይህን ያለ ሒሳብ ያውቀዋል። እንግዲህ የኋላ መከላከያ የምትገዙ ካላችሁ፣ ድፍን ነው ተብላችሁ ብር አትጨምሩ።

ቱቦ ዝም ብሎ ሲታጠፍ ግን እንደ ውኃ ላስቲክ መሐሉ ላይ ይጨፈለቃል። የተጨፈለቀበት ቦታ ደግሞ ጉልበት የለውም። ሽማግሌው በደረቅ አሸዋ ሞሉት፣ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ወተፉ፣ ከዚያ እያጋሉ ቀስ ብለው አጠፉት። አሸዋውን ከዚያ በፊት ምጣድ ላይ ሲቆሉት ነበር፤ እርጥበት ካለው ውስጡ እንፋሎት ሆኖ ውታፉን እንደ ጥይት ያስፈነጥረዋል አሉኝ። የታጠፈው ቱቦ እንደ በሬ ቀንድ የረጋ ሆነ። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነም መታጠፊያው ላይ እጃችሁን አሳልፉ፤ ጠፍጥፎ ወይም ተሸብሽቦ ካገኛችሁት ተዉት።

ልኩን ስንወስድ ግማሽ ቀን ፈጀብን። የሞተር የኋላ ጎማ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ሞላው ሲጨመቅ ወደ ላይ ይወጣል። መከላከያው የሚታሰረው ቴላዮው ላይ ስለሆነ እሱ ባለበት ይቆያል፤ ጎማው ግን ከኋላው ይወጣል ይወርዳል። ባዶውን ቆሞ የተለካ ብረት፣ ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ሲጫንበት ሊነካ ይችላል። ስለዚህ እኔ ፊት ተቀመጥኩ፣ የሽማግሌው ረዳት ከኋላዬ፣ ጤፍ የሞላ ማዳበሪያ መሐላችን። መንገድ አላፊው ሁሉ ቆሞ ሳቀብን። ሽማግሌው ተንበርክከው በጠመኔ ምልክት አደረጉ። በጎማውና በብረቱ መሐል በጎን አራት ጣት ተዉ። ስለሳቁብን ሰዎች ግድ አልሰጠኝም፤ አንዱ በኋላ ተመሳሳይ ለማሠራት መጥቷል።

ግራና ቀኙ ከታርጋው ሥር በሚያልፍ አንድ ቱቦ ተያያዘ። ከላይ የሚታሰረው ሞላው ከላይ በተያዘበት ቡሎን ላይ፣ ከታች የተቀማጩ እግር መርገጫ ባለበት ነው፤ ጆሮዎቹ ባለ አምስት ሚሊ ላሜራ። ከመበየዳቸው በፊት የባትሪውን ገመድ አስፈቱኝ። ብየዳው መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ እንጂ ሞተሩ ላይ አይደለም፤ ቢሆንም ልክ ለማየት ሁለት ሦስት ነጥብ ሞተሩ ላይ ማስነካት ስለነበረባቸው ነው። የብየዳ ኤሌክትሪክ የሞተሩን ዕቃ እንደሚያቃጥል ያላወቀ ስንት ሰው አለ። የቱቦውን ጫፎች ሁሉ ደፈኗቸው፤ ክፍት የቱቦ ጫፍ ሲወድቁ ሥጋ ይበሳል። ግን ከታች፣ መሬት ከሚያየው በኩል፣ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ተዉ። «ውኃ መግባቱ አይቀርም፤ መውጫ ካላገኘ ከውስጥ ይበላዋል።» ባሕር ዳር ያየኋቸው ያብረቀርቁ የነበሩት ይህ ቀዳዳ አልነበራቸውም። ከውጭ መስተዋት፣ ከውስጥ ዝገት።

የቀኙ አስቸገረን። ማርሚታው አጠገብ ያለው ቱቦ እንዳይግል ሁለት ጣት ራቀ፤ በላዩ ላይ ደግሞ የቀሚስ ጫፍ እንዳያርፍ የተበሳ ላሜራ ጋሻ አደረግንለት። የእግር ማሳረፊያም በቀኝ ሠሩ፤ ለሁለት እግር የሚበቃ፣ እንደ ትንሽ ደረጃ ሰፋ ያለ። እናቴ በዕድሜዋ በቅሎ ላይ እንኳ እርካቧ ሳይስተካከል አትነሳም ነበር።

አሁን ስህተቴን ልናገር፤ ይኼኛው የእኔ እንጂ የሽማግሌው አይደለም። የቀለበቱን መሐል በምን እንሸፍነው ሲባል፣ ነጠላ ይቅርና ነፋስም አይለፍ ብዬ በድፍን ላሜራ አስለበጥኩት። ቆንጆ ሆነ። ሐምሌ መጣ። የእኛን አገር ቀይ ጭቃ የማያውቅ አይፈርድም፤ ይጣበቃል፣ ይቆለላል፣ ሲደርቅ ጡብ ነው። በሁለት ሳምንት ጊዜ በላሜራውና በጎማው መሐል ያ አራት ጣት ክፍተት ሞልቶ ጎማው ማቃሰት ጀመረ። ሽቦ ይዤ ስቆፍር አንድ ጠዋት ሙሉ ክትባት አመለጠኝ። ሽማግሌው ላሜራውን ቆርጠው አወጡና ጠንካራ የብረት ወንፊት አስገቡበት፤ ቀዳዳው የትንሽ ጣት ጫፍ እንኳ የማያስገባ። ጭቃው ውኃ ሲደፉበት ይወርዳል። «መጀመሪያም ይህን ነበር የምልህ» አሉ። ለምን አላሉኝም ታዲያ? የከፈልኩት እኔ ስለሆንኩ ይሆናል።

ወንፊቱ ጠባብ መሆኑ ለልብስ ብቻ አይደለም። ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጓደኛዬ፣ የእናቴን አንገት ያየው እሱ ነው፣ ከልብስ ይልቅ እሱን የሚያሳስበው የሕፃናት ተረከዝ መሆኑን ያን ዕለት ነገረኝ። ከኋላ የሚቀመጥ ሕፃን እግሩ መርገጫው ጋ አይደርስም፤ ይንጠለጠላል። እንቅልፍ ሲወስደው ወይም ሞተሩ ሲዘል ተረከዙ ሽቦዎቹ መሐል ይገባል። ጎማውና ቴላዮው እንደ መቀስ ይይዙታል፤ ቆዳውን ከነሥጋው ይገፈዋል፤ ሲብስ የተረከዙን ጅማት ይበጥሳል። ቁስሉ ደግሞ ቶሎ አይድንም። እኔ የጥጃ እግር ስንት ጊዜ ጠግኛለሁ፤ ይህን ሲነግረኝ ግን ሆዴ ተላወሰ። ሰፊ ፍርግርግ ያለው መከላከያ ቀሚስን ቢከለክል የሦስት ዓመት ልጅን ተረከዝ አይከለክልም። የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ወንፊቱ ከገባ በኋላ ፈተናውን ያደረግነው በዚያው በተቀደደው ነጠላ ነው። እናቴ አልጣለችውም፤ እኔም አላስጣልኳትም። ሞተሩን መሐል ማቆሚያው ላይ አቁመን፣ ጎማውን በእጅ እያሽከረከርን፣ ጫፉን ከላይ፣ ከጎን፣ ከኋላ ለቀቅነው። በእጅ ነው፤ ሞተሩን አስነስታችሁ እንዲህ ያለ ነገር እንዳትሞክሩ። ነጠላው ወንፊቱ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። እንደገና። በቀኝም። አንድ ቦታ ብቻ፣ ከወንበሩ ሥር ከፓራፋንጎው (ከጎማው የጭቃ መከላከያ) ጋር በሚገናኝበት፣ ጫፉ ሾልኮ ገባ፤ እዚያ ላይ አንድ ቁራጭ ወንፊት ጨመሩ። ሽማግሌው ነጠላውን አጥፈው ሲመልሱልኝ ጥለቱን አይተው «ጥሩ ሸማኔ ነው» አሉ።

በግልጽ ልናገር፣ ሞተሩ አምሮበታል አልልም። ከኋላ ሲታይ እንደ ጭነት አህያ ሆዱ ወጣ ወጣ ብሏል። ስፋቱ ጨምሯል፤ በጠባብ የእግር ድልድይ ላይ ሳልፍ እለካለሁ፣ የበግ መንጋ መሐል ስገባም እንደ ድሮው አልሾልክም። ብዙ ኪሎ ከኋላ ስለተጨመረ ብቻዬን ስነዳ መሪው ትንሽ ቀለል ይለኛል። በየወሩ ቡሎኖቹን በ13 ቁልፍ አያለሁ፤ ከእያንዳንዱ ዳዶ ሥር ሮንዴላ አለ፣ ግን ጠጠር መንገድ ሮንዴላ አያከብርም። ጓደኞቼ አንድ ሰሞን «ባለ ሁለት እግር ባጃጅ» አሉት። ይበሉት።

እናቴ ወዲያው አልተቀመጠችበትም። እስከ መስከረም ድረስ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም በእግሯ ሄደች፤ አልጠየቅኳትም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ በር ላይ ጠበቅኋት። ሞተሩን ዞራ አየችው። ወንፊቱን በጣቷ ነካች፣ ቱቦውን በእጇ ይዛ ነቀነቀችው፤ ገበያ ላይ ላም ስትገዛ እንደምታደርገው። ነጠላዋን አውርዳ ወገቧ ላይ ሁለት ዙር አደገደገች። ከዚያ በቀኝ በኩል መጥታ ተቀመጠች።

«ቀስ» አለች።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ባልደረባዬ ሚስት አገባ። ሞተሩ ያው ቦክሰር ነው፣ ብረቱን ያው ፈትቶ ሸጦታል። የእኔን አሮጌውን ስጠኝ፣ ለግራዋ ለጊዜው ትሁነኝ፣ ቀኙን ሽማግሌው ይሠሩልኛል አለ። ቀለም ቀብቼ እሰጥሃለሁ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ቤት ሄድኩ። ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ጎንበስ ስል እናቴ ከቤት ሆና ጮኸችብኝ። ለካ አንዲት ዶሮ ብረቱ ጉብጠት ውስጥ ገለባ ሰብስባ፣ እንቁላል ታቅፋበታለች።

«መቼ ነው የታቀፈችው፣ እማዬ?»

«ሐሙስ።»

ሃያ አንድ ቀን ነው። ለባልደረባዬ ደወልኩለትና እስከዚያ ሚስቱን በባጃጅ እንዲያመላልሳት ነገርኩት።